የሚዋኘው ብረት ለበስ

ወሬውን ያመጣችልኝ ዳባት መንገድ ዳር ጌሾ የምትሸጠው ጥሩዬ ናት። «የዛገውን ብረት ለበስ ሊቆራርጡት መጥተዋል፤ ጋሽ ይርዳው ግን ላዩ ላይ ወጥተው አልወርድም ብለዋል» ስትለኝ ነጠላዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ። ጋሽ ይርዳው ድሮ ባሕር ኃይል ነበሩ። ብረት ቆራጩ፣ «አባባ፣ ይውረዱልኝ እንጂ! ገዝቼዋለሁ እኮ» ይላቸዋል።

«በሕግ አምላክ!» አሉት፤ ሊያወርዳቸው የዘረጋው እጁ ባለበት ቀረ። «ከመርከብ ሆድ ወጥተን ወደ ዳር የምንዋኘው እንዲህ ባለው ብረት ለበስ ነበር። ይኼን ባሕሩን ስናጣ ነው ደጋ ያመጡት። ጓደኛዬ ዘለቀ በአንዱ ውስጥ እንዳለ ሰጠመ። ሬሳው አልወጣ፣ ልብሱ አልመጣ፣ ምን ዘርግተን እናልቅስለት?»

እኔም አላስቻለኝ፤ «ብረት ደግሞ ይዋኛል እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ዞረሽ ከኋላው እይ! ያቺ ክንፍ ያላት ብረት ናት እየተሽከረከረች ውሃውን የምትገፋው። እሷን ሳልይዝ አልወርድም!»

ቆራጩ ብረቷን ፈትቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው፤ ይዘዋት ወረዱ። በማግስቱ ድንኳን ተጣለ፤ በልብሱ ፈንታ እሷ ተዘርግታ ዘለቀ ተለቀሰለት። ብረት ለበሱ ተቆራርጦ ሄደ። ቆራጩ ከልቅሶው ውሎ አምባ ጊዮርጊስ ቤቱ ገባ። ጋሽ ይርዳው ቤታቸው አሉ፤ ብረቷም ራስጌያቸው ናት።