በሳጥን የተቆለፈው በኻኽ

ሱዳን ውስጥ ከዶካ ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ትንሽ ነገር አወጡ። አጠገባቸው ያለው ወጣት አየና ቀለደ።

«እማማ፣ ሽቶ ነው እንዴ? ለእኛም ይድረሰን።»

«የአስም በኻኽ ነው፣ ልጄ፤ በአፍ የሚሳበው መድኃኒት። የልጄ የዘሃራ ነው።»

«ብዙም አልተነካ።»

«ሐኪሟ ጠዋት ማታ ትሳበው፣ ደህና ብትሆንም እንዳታቋርጥ ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለደህና ሰው ምን መድኃኒት ይሰጣል አልኩ። ሲብስባት ይደርስልኛል ብዬ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።»

«ባሰባት?»

«ሰሊጥ ስናራግፍ አቧራው ያዛት። ሮጬ አመጣሁላት። ደጋግማ ሳበችው፣ ወላሂ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ለካስ ይኼኛው በየቀኑ ተስቦ ቀድሞ የሚከላከል እንጂ በዚያች ሰዓት የሚደርስ አይደለም።»

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አላህ ይዘንላት፣ እማማ። ታዲያ አሁን ወዴት ይዘውት ይሄዳሉ?»

«ወደ ሐኪሟ። ለሌላ እናት ስትሰጥ የእኔን እንድትነግርልኝ።»

ጠዋት ደህና ነኝ ብዬ ሳልስበው የተውኩትን የራሴን በኻኽ ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሳብኩት።