ለሦስት ቀን የተዋሱት ጄኔሬተር

(አርብ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል። ወደ ዞን በዕድገት የተዛወሩት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ስንሻው የክሊራንስ ወረቀታቸውን ይዘው ቆመዋል፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ወይዘሮ የሺመቤት መዝገቡን ዘርግተው ተቀምጠዋል።)

ስንሻው፦ አንድ ፊርማ እኮ ነው፣ የሺዬ! የዘጠኝ ክፍል ፊርማ በአንድ ጠዋት አልቆልኝ፣ አንቺ ዘንድ ሦስት ቀን ልመላለስ?

የሺመቤት፦ ዘጠኙ ክፍሎች ጄኔሬተር አላወጡልዎትማ።

ስንሻው፦ ኧረ ቀስ በይ፣ በሩ ክፍት ነው።

የሺመቤት፦ መዝገቡም ክፍት ነው። ይኸው፤ «የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር፣ አንድ፣ ለሦስት ቀን በውሰት።» ፊርማዎ እንዴት ያምራል!

ስንሻው፦ ለልጄ ሠርግ ነበር። አንቺም መጥተሽ በልተሻል።

የሺመቤት፦ በልቻለሁ። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር። ከሠርጉ ወዲህ ግን ሁለት ዓመት አለፈ። ሙሽራዋ ሁለተኛዋን ወለደች፤ እኔም አራት ደብዳቤ ጻፍኩልዎ።

ስንሻው፦ እሺ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ተበላሽቷል። አሁን ቁርጥራጭ ብረት ነው። «አገልግሎት የማይሰጥ» ብለሽ ከመዝገብ ሰርዢውና እንገላገል።

የሺመቤት፦ መቼ ተበላሸ?

ስንሻው፦ ኧረ ቆይቷል። ዓመት አልፎታል።

የሺመቤት፦ ትናንት ታዲያ ጤፌን የፈጨልኝ ምንድን ነው?

ስንሻው፦ የት?

የሺመቤት፦ እርስዎ ወፍጮ ቤት። መብራት ጠፍቶ ከተማው ሁሉ ጭጭ ሲል፣ እሱ ብቻ ዱግ ዱግ ይላል። ዱቄቱን ጠረግ አድርጌ አየሁት፤ በቀይ ቀለም የጻፍኩት የንብረት ቁጥር ጎኑ ላይ አለ።

ስንሻው፦ አንቺ ደግሞ! ወረፋ ሳትጠብቂ አይደል እንዴ የፈጩልሽ?

የሺመቤት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ደረሰኝ ግን አልሰጡኝም።

ስንሻው፦ እስቲ አሁን ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ጄኔሬተሩ የሕዝብ፣ የሚያስፈጨውም ሕዝብ!

የሺመቤት፦ ሐምሌ ላይ መብራት አራት ቀን ሲጠፋ፣ የጤና ጣቢያው ክትባት ፍሪጅ ውስጥ ተበላሽቶ ተደፋ። እናቶች በዚያ ጭቃ ልጅ አዝለው መጥተው ሳይከተቡላቸው ተመለሱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፈርኩ፣ አቶ ስንሻው። በእጄ አውጥቼ የሰጠሁዎ እኔ ነኛ።

ስንሻው፦ እሱስ… እሱስ ያሳዝናል።

የሺመቤት፦ በጣም።

ስንሻው፦ ግን እኔን ብታስቀሪኝ ክትባቱ አይመለስ! ሰኞ ዞን ሪፖርት ካላደረግሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ዕድገት ነው። ደግሞ አገሩ ሲተርት አልሰማሽም? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።»

የሺመቤት፦ እርስዎን እንኳ የሚቆጭዎት ነገር አይኖርም።

ስንሻው፦ አትቀልጂ!

የሺመቤት፦ አልቀለድኩም። ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ቀረኝ። እርስዎ ከሄዱ ጄኔሬተሩ የሚፈለገው ከእኔ ነው።

ስንሻው፦ እዚያ ሆኜ እከላከልልሻለሁ። ትልቅ ቦታ እኮ ነው የያዝኩት!

የሺመቤት፦ ለመሆኑ ምን ላይ ተመደቡ?

ስንሻው፦ የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ክፍል ኃላፊ።

የሺመቤት፦ (አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ።)

ስንሻው፦ ምነው? ምን አሳቀሽ?

የሺመቤት፦ አልሳቅሁም። ተረት ትዝ ብሎኝ ነው።

ስንሻው፦ የቱ ተረት?

የሺመቤት፦ የጅቡ።

ስንሻው፦ የትኛው ጅብ? ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው?

የሺመቤት፦ እርስዎ ነዎት ያሉት።

ስንሻው፦ በይ፣ ሰድበሽ ከጨረስሽ ፈርሚ።

የሺመቤት፦ ቆይ፣ ከዞን የመጣልኝ ደብዳቤ አሁን ገና ገባኝ።

ስንሻው፦ የምን ደብዳቤ?

የሺመቤት፦ ክትባቱ የተደፋ ሰሞን ስለ ጄኔሬተሩ ጥቆማ አስገብቼ ነበር፤ ለዚያው ለፀረ ሙስናው ክፍል። «ክፍሉ ለጊዜው ኃላፊ ስለሌለው፣ አዲሱ ኃላፊ ሥራ እንደጀመሩ ቅድሚያ ሰጥተው ያዩታል» ብለው መለሱልኝ። ይኸው ማኅተሙ።

ስንሻው፦ አዲሱ ኃላፊ… እኔ? እሰየው! እኔው ራሴ አልዘጋውም እንዴ!

የሺመቤት፦ ጥቆማው ግልባጭ አለው።

ስንሻው፦ ለማን?

የሺመቤት፦ ለዞኑ አስተዳደር፣ ለጤና መምሪያው፣ ለኦዲት፣ ለክልሉም። «ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ፣ ሚዜ የሌለው ሠርግ ነው» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?

ስንሻው፦ የሺመቤት!

የሺመቤት፦ አቤት።

ስንሻው፦ …ዛሬውኑ አስጭኜ ጤና ጣቢያ ባደርሰውስ?

የሺመቤት፦ ደስ ይለኛል። እዚያው ተረክቤ፣ ተነሥቶ ሲሠራ አይቼ፣ ክሊራንስዎን እፈርማለሁ።

ስንሻው፦ ጥቆማውንስ? ታነሺልኛለሽ?

የሺመቤት፦ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? ማመልከቻ ይጻፉ፤ ለአዲሱ ኃላፊ።