በጨጓራ ሽሮፕ የተመረቀው ካድሬ

ጂንካ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሳለሁ አንድ የበና ብሔረሰብ ሽማግሌ «ጨጓራዬ አቃጠለኝ» ብለው መጡ። ያንን እንደ ወተት የነጣ ሽሮፕ በኩባያ ቀዳሁላቸው። በነሱ ደንብ ሽማግሌ ቡና ሲይዝ የመጀመሪያውን ጉንጭ ሰው ላይ እፍ ብሎ እየረጨ ይመርቃል። ሽሮፑን አፋቸው ሞልተው ወደ እኔ ሲዞሩ ነገሩ ገባኝና እንዳይረጩኝ ጎንበስ አልኩ። ለካ ከኋላዬ፣ «ምርቃት ኋላ ቀር ልማድ ነው» እያለ በየስብሰባው የሚጮህብን ካድሬ ገብቶ ኖሯል! ፊቱም ካኪውም ነጭ በነጭ ሆነ።

«መ... መርቀውዎት ነው ጓድ» አልኩ፣ ወህኒው እየታየኝ። ፊቱን ጠርጎ ወጣ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ግራ ቀኙን ገላመጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «የኔም ጨጓራ ከዚያ ቀን ወዲህ ጋብ ብሎልኛል» አለኝ። ሽሮፑን ላነሳለት ስል እጄን ያዘኝ።

«እሱ ይቅር። ሽማግሌው መቼ ነው የሚመለሱት?»