ጋቢው ቶጋ የሆነ ዕለት

እኛ ሰፈር፣ አያት፣ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ዘንድሮ «ክላሲካል» ሆኗል። ምን ማለት ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ልጄ ፊደል ገና ሳትጨርስ ቁርሷን እየበላች ላቲን ታነበንባለች፣ እኔም አሜን እላለሁ። አንድ ብርዳም ጠዋት የአባቷን ጋቢ ደርቤላት ወሰድኳት። ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሞ አስወለቃት። «ይቅርታ እናት፣ እዚህ የሠለጠነ ትምህርት ነው የምንሰጠው፤ ጋቢ ለቤት ነው» አለኝ። ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች ገባች፣ ሳምንት ሙሉ ስትስል ከረመች።

ብዙም ሳይቆይ «የሮማውያን ቀን» ተባለና ልጆቹ ቶጋ ለብሰው ይምጡ አሉን። ቶጋ ማለት የጥንት ሮማውያን የሚያጣፉት ነጭ ልብስ ነው አሉ። ከየት አባቴ ላምጣ? ያንኑ ጋቢ አጣፋሁላት። ዳይሬክተሩ ሲያያት ደስታውን አልቻለውም፤ መድረክ ላይ አውጥቶ አስጨበጨበላት።

«እንዴት ያለ ቶጋ ነው! የት አሠሩት?» አለኝ።

«ያን ቀን በር ላይ ያስወለቋት ጋቢ ነው» አልኩት።

ምንም ሳያፍር ፈገግ ብሎ፣ «ያኔማ ጋቢ ነበራ!» ብሎኝ አረፈ።

በማግስቱ ጠዋት ያካፋ ነበር። ልጄ ጋቢውን ደርባ በሩ ጋ ስትደርስ ሰውየው እንደለመደው ሊያስወልቃት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ቀደመችው፦ «ቶጋ ነው!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብሎ፣ ጫፉን በግራ ትከሻዋ ላይ አስተካክሎ አሳለፋት።