ነፍጡ ለደምሴ፣ ማፍሰሻው ለሽፈራው

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አንድ ጥይት ለመተኮስ አንድ ቀን ሙሉ መድከም ነበር። ነፍጥ የምላችሁ ይሄ አሁን የምታዩት ቀለሃ የሚተፋው አይደለም፤ በአፉ የሚጎርስ ነው። ባሩዱን በአፈሙዙ ታፈሳለህ፣ አረሩን ከላይ ትጨምራለህ፣ በዘንግ ትጠቀጥቃለህ፣ እና እሳት ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ ወይ ይጮሃል ወይ ዝም ይላል፣ እንደ ቀኑ ነው። አንቺ ስልኩን አስጠጊው እንጂ! ልትቀጂኝ ከሆነ በወጉ ቅጂኝ።

እና አባቴ እንዲህ ያለ ነፍጥ ነበረው። በዚህ በቀወት ቆላ ስሙ የተጠራ ተኳሽ ነበር። ታዲያ ከመተኮሱ በፊት አፉ ይንቀሳቀሳል፣ እንዲህ፣ እንዲህ፣ አያችሁኝ? ግመል ሲያመሰኳ የሚያደርገውን። አገር ሁሉ «ድግምት አለው፤ ለነፍጡ ይደግምለታል» ይላል። እኛ ልጆቹም እንደዚያው እንላለን። ደግሞም አይስትም ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሊሞት ሲል ነፍስ አባቱን አስጠራና ተናዘዘ። «ነፍጡ ለደምሴ፣ አረር ማፍሰሻው ለሽፈራው፣ የወንዝ ዳሯ ማሳ ለብርቄ» አለ። ብርቄ እኔ ነኝ። ደምሴ ታላቄ፣ ሽፈራው ታናሼ ናቸው። ማፍሰሻ ማለት እንደ ጉጠት የሚከፈት ብረት ነው፤ እርሳስ አቅልጠህ ታፈስበታለህ፣ ሲበርድ ትከፍተዋለህ፣ ክብ አረር ዱብ ይላል። ልኩ ለዚያ ለአንዱ ነፍጥ ነው፣ ለሌላ አይሆንም። ነፍስ አባቱ ደነገጡና «ነፍጥ ያለ አረር ምን ሊሆን ነው? ምነው ለያየኸው?» ቢሉት፣ «እነሱ እንዳይለያዩ ብዬ ነው» አላቸው። አይ አባቴ! ነፍሱን ይማረውና፣ ልጆቹን አያውቃቸውም ነበር። ተዝካሩ ሳይወጣ ተለያዩ!

ደምሴ «ማፍሰሻውን አምጣ፣ ታላቅ እኔ ነኝ» አለ። ሽፈራው «ነፍጡን ያምጡት፣ አንድ ሳምንት እርስዎ ጋ ይደር፣ አንድ ሳምንት እኔ ጋ» አለ። «ነፍጥ ላም ነው እንዴ፣ እየዞረ የሚያድር?» አለ ደምሴ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም!» «እኔም ድሮም አልነበረኝም!» ተባባሉና ሰላምታ ተቋረጠ። በቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል።

ይሄን የሰማው ማን ነው? ከርከሮ! የደምሴ ማሳ ከላይ ነው፣ የሽፈራው ከታች፣ የኔ መሀል። ማሽላው እሸት በያዘ ሰሞን ከርከሮው ከወንዙ ወጣና የማንን በላ በሉኝ። የኔን! ባሌ በሞተ በዓመቱ ነው እንግዲህ። ያቺ ማሽላ ካለቀች ልጆቼን ይዤ ማጀቴ ከተማ፣ አማቴ ቤት መግባቴ ነው። አማቴን ደግሞ አላያችኋትም፣ እናንተ ዕድለኞች ናችሁ። ውሃ ስጠጣ ጉሮሮዬን የምታይ ሴት ናት።

ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ብወረውርበት፣ ከርከሮው ቀና ብሎ አየኝና መብላቱን ቀጠለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አይደል? ወረድኩና ደምሴ ዘንድ ሮጥኩ።

«ወንድምጋሼ፣ ይግደሉልኝ!»

«አረር የለኝም።»

«ሽፈራውን ይጠይቁታ!»

«ሽፈራው ደሞ ማነው?»

ሽፈራው ዘንድ ሮጥኩ። «አንተ፣ ማፍሰሻውን አውሳቸው!» «ነፍጡን ይዘው ደጄ ይምጡና እንነጋገራለን» አለኝ እግሩን አንፈራጦ። እኔ አለቅስ፣ ከርከሮ ይበላ። እንዲህ ያሉ ወንድሞች ሰጠኝ!

ታዲያ ደምሴ እልኸኛ ነው፣ የአረሩን ልክ ራሴ አገኘዋለሁ አለ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቁርቁራ ዛፍ ሥር ሄዶ ፍሬ ይለቅማል! አንድ አንዱን አፈሙዙ ላይ እያስቀመጠ «ይሄ ወፈረ፣ ይሄ ቀጠነ፣ ይሄስ ደህና ነው» ይላል። ልክክ ያለችውን መረጠ፣ ጭቃ ላይ አተማት፣ ጭቃውን አደረቀ፣ እርሳስ አፈሰሰበት። ባሩድ ሳይጨምር ሊለካት ቢያስገባት፣ አፉ ላይ ደህና ገባች፣ ወገቡ ላይ ስትደርስ ቀጥ! ለካ አፉ የተወለወለ ነው፣ ውስጡ የአባቴ የስንት ዓመት ጥላሸት ነው። በዘንግ ቢወጋ እንቢ፣ በሙቀጫ ዘነዘና ቢመታ እንቢ። ነፍጡ ትንታ እንደያዘው ሰው ቀረ። በመጨረሻ ፍም ላይ አስተኝቶ እርሳሱን አቅልጦ አወጣት። እኔ ቆሜ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ነው የማየው፣ ማሽላዬ እያለቀ እስቃለሁ፣ ምን ላርግ።

እና ደግሞ ወደ ማነስ ሄደ። ሽምብራ የምታክል ሠራ። ይቺ ገባች፣ መግባቱንስ ኪሽኪሽ እያለች ገባች። ማሳዬ ዳር ተንበርክኮ፣ አፉን እንደ አባቴ እያንቀሳቀሰ፣ የሚችለውን ጸሎት ሁሉ ደገመላትና ተኮሰ። ከርከሮው በቀኝ ነው የቆመው። በግራ በኩል የሰይድ እንስራ ተቀምጧል፣ ጎረቤታችን ሰይድ፣ ማሾውን ሲያርም የሚጠጣበት። እንስራው ተፈረካከሰ! ከርከሮው ጆሮውን አራገፈና ማሽላዬን ጎረሰ።

ሰይድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መጣ። «ጋሼ ደምሴ፣» አለው በትሕትና፣ «እንስራዬ ማሽላ በላ እንዴ?»

ደምሴ አፍሮ ነፍጡን መወልወል ያዘ። «ሱብሃነላህ! ነገ ደግሞ እኔን ነው የሚመቱኝ» አለና ሰይድ ያኔውኑ ሽፈራው ዘንድ ሄደ። ምን እንዳለው አላውቅም፣ ብቻ አሥር ሰዓት ገደማ ሽፈራውን ከነማፍሰሻው እየጎተተ አመጣው። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ቆሙ፣ ግን አይነጋገሩም።

«ሰይድ፣ ማፍሰሻውን ይስጠኝ በለው።»

«ሰይድ፣ አረሩን ራሴ ነኝ የማፈሰው በላቸው።»

«ሰይድ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል በለው።»

«ያ አላህ!» አለ ሰይድ። «በክንድ ርቀት ቆማችሁ እኔን ታደክሙኛላችሁ? ወላሂ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ እንስራዬንም ሰብራችኋል!»

ሽፈራው አፈሰሰ፣ ክብ፣ የሚያምር አረር ወጣ። ደምሴ ባሩዱን ጠቀጠቀ፣ አረሩን ጨመረ። ከርከሮው በታች በኩል፣ ወደ ወንዙ ነው ያለው። እና ደምሴ አነጣጥሮ አፈሙዙን ወደ ታች ቢያዘነብል፣ አረሩ ራሱ ወጣ! ዱብ! ቁልቁለቱን ተንከባለለ፣ ተንከባለለና ከርከሮው ፊት ቆመ። ከርከሮው አሸተተው። ማሽላ አለመሆኑን ሲያውቅ ተወው። እናንተ ትስቃላችሁ፣ እኔ በአማቴ ዓይን ስር ውሃ ስጠጣ ነው የታየኝ!

«ሰይድ! ማፍሰሻውን ሞርዶ አጥብቦታል በለው!»

«ሰይድ! ነፍጡን እሳት ላይ ጥደው አስፍተውታል በላቸው!»

ያን ጊዜ የሰይድ ደም ፈላ። የራስ ጥምጥሙን ጫፍ ቀደደና «እንኩ! ይሄን ይወትፉበትና ይገላግሉን! እርስ በርስ ከምትነታረኩ ነፍጡን ወትፉት!» አለ። ደምሴም በንዴት ሌላ አረር በጨርቁ ጠቀለለና አፈሙዙ ላይ አስቀመጠ። በዘንግ ሲገፋው፣ አሁን አይንኮሻኮሽም፣ ቀጥም አይልም፣ እያቃሰተ ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ ታች ቢያዘነብለው አልወጣም። ተኮሰ። ደምሴ በቂጡ ተቀመጠ፣ ጭሱ ሲገለጥ ከርከሮው አራት እግሩን ሰቅሏል!

እልል አልኩ። እና እልል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፌ እንደተከፈተ ቀረ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ዕድሜዋን ሙሉ «የነጠላዬን ጫፍ አይጥ በላው» እንዳለች ነው የሞተችው። «እናንተ!» አልኳቸው፣ «አባታችን ምን ድግምት ደገመ! ጨርቅ ነው የሚያኝከው! አረሩን የሚጠቀልልበትን ጨርቅ በምራቁ እያረጠበ!» ደምሴ ከተቀመጠበት ሆኖ ዓይኑን አፈጠጠ። ያን ሁሉ ጸሎት አስቡት፣ ለሽምብራ!

አያችሁ፣ አረሩ ከአፈሙዙ ትንሽ ማነስ አለበት፣ የቀረውን ጨርቁ ይሞላዋል። ይኸው ነው። ከወፈረ ይቀረቀራል፣ ከቀጠነ እንስራ ይሰብራል።

ታዲያ ታረቁ ትሉኛላችሁ? ኤዲያ! «መታሁት!» አለ ደምሴ። «የመታው አረሩ ነው፣ አረሩ የኔ ነው» አለ ሽፈራው። ልብ በሉ፣ አሁን በቀጥታ ነው የሚጨቃጨቁት፣ ሰይድ ከመልእክተኝነቱ ተሰናብቷል። ሰይድ ግን ዝም አይልም፣ «ያለ ጥምጥሜ የት ትደርሱ ነበር!» ይላል። እኔ ደግሞ «ማሽላው የኔ ነው፣ የበላውም የኔን ነው!» እላለሁ። ለክርስቲያኑም ለእስላሙም የማይበላ ሥጋ ይዘን ገዳዩ ማነው እያልን ጀንበር ጠለቀች። በመጨረሻ «ነገ ሽማግሌ ይፍረደን» ተባለና ሬሳውን እዚያው ትተነው ገባን።

ጠዋት ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት የሚመሩት አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ደረሱ፣ እነደምሴም «ይፍረዱን!» አሉ። ብናይ ከርከሮ የለም። የተጋደመ ሣርና የጅብ ዱካ ብቻ። አጥንት እንኳ አልተረፈም።

አዛውንቱ ዱካውን አዩ፣ ወንድሞቼን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ አረሩ የማን እንደሆነ አሁን የሚያውቀው ጅቡ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። አብራችሁ ሂዱና ጠይቁት» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው ሽፈራው ነው። ደምሴ ሊቆጣ ፈለገ፣ አቃተው፣ የሽፈራውን ትከሻ ይዞ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። እኔም ማሽላዬን አጨድኩ።

«እማማ፣ ጅቡን ጠየቁት ታዲያ?»

ሂድ ወዲያ! አጥፊው ስልኩን፣ አንቺ፣ ይሄ ልጅ ወደ ደምሴ ነው የወጣው።