የጣራው ላብ

ጎረቤቴን እትዬን የዕቃ መደብሩ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። የሰው ልብስ አጥበውና ተኩሰው የሚያድሩ ሴት ናቸው። አንድ ጣሳ ሬንጅ አቅፈዋል፤ አጠገባቸው ሕንፃ ሥራ የተማረችው የወንድማቸው ልጅ ቆማለች።

«ሬንጁ ለምንዎ ነው?» አልኳቸው።

«ጣራዬ ያፈሳል። ያን የእንጨት ቤት አዋቅሮ ቆርቆሮ የመታልኝ የገዛ ወንድሜ ነው፤ ጉድ ሠራኝ። ከተኳረፍንም ከረምን።»

«አክስቴ፣ ዝናቡ ካቆመ እኮ ሰነበተ» አለች ልጅቷ። «ታዲያ ውኃው ከየት ይመጣል?»

«ለአባትሽ ጥብቅና መቆምሽ ነው?»

«አባቴም ሳያጠፋ አልቀረም። ጥፋቱ ግን እርስዎ ያሉት አይደለም።»

ለሥጋ ዘመድ ሲሉ እውነትን ማጣመም በበዛበት ዘመን ይህ ንግግሯ ደስ አሰኘኝና ተከተልኳቸው።

ቤቱ ውስጥ አንሶላ በበርሜል ይፈላል፤ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቷል። ታጥቦ የተቆለለው አንሶላ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ እትዬም ያስላሉ። ልጅቷ መሰላል አቁማ የኮርኒሱን መክፈቻ ገፋችና አክስቷን ደግፋ አወጣቻቸው። እትዬ ቆርቆሮውን ከሥር ሲዳስሱት እጃቸው ራሰ። ቆርቆሮው ያረፈበት ወራጅ እንጨትም መጥቆር ጀምሯል።

«ውኃ ሲያፈሉ ክዳኑን ቢገልጡት ከሥሩ ይንጠባጠባል» አለች ልጅቷ። «ክዳኑ ተቀዶ ነው?»

«እንፋሎቱ ነዋ።»

«ይህም ያው ነው። እንፋሎቱ በኮርኒሱ ስንጥቅ ይወጣና በጠዋቱ ብርድ የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ይሆናል። መውጫ እንዳያገኝ ደግሞ አባቴ ጥጉን ሁሉ ደፍኖታል። እንዲህ ከከረመ እንጨቱ ይበሰብሳል።»

እትዬ የራሰ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ድፈንልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አይጥ ፈርቼ። አሁን ቢከፈት ብርዱስ?»

«ነፋሱ የሚያልፈው ከኮርኒሱ በላይ ነው። የኮርኒሱን ስንጥቅ እንደፍናለን፤ በጣራው ጠርዝ ከክፈፉ ሥር ግራና ቀኝ ከፍተን ወንፊት ሽቦ እንመታበታለን፤ አይጥም አያልፈውም። በርሜሉን ግን ወደ በረንዳ ያውጡት።»

«እንግዲያው አባትሽን ጥሪው» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር።

ወንድምየው መጋዙን ይዞ መጣ። «ምነው፣ ዛሬ ከየት አስታወስሽኝ?»

«አላግባብ አማሁህ፣ ወንድሜ። በል ውጣ፣ ጣራዬ ታፍኗል።»

እየሳቀ መሰላሉን ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ወራጁ ደርቆ ጠንክሯል፤ አንሶላው ሻጋታ ሻጋታ አይሸትም፤ የእትዬም ሳል ለቋቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወንድምና እህት እንደገና አንድ ማዕድ መቅረባቸው ነው። አልፎ አልፎ ይከራከራሉ፤ ልጅቷ በማን እንደወጣች። እሱ «በእኔ» ሲል፣ እሳቸው «እንዳንተማ ብትሆን ትደፍነው ነበር» ይሉታል።