ለማነጻጸር የተፈለገው እግር

ስሙኝማ! ታላቅ እህቴን ለስኳር ሕመሟ ክትትል ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ይዣት ሄድሁ። እዚያ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ስኳር የእግርን ነርቭ እንዴት እንደሚጎዳ ታጠናለች። እህቴን አይታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ለማነጻጸር ጤነኛ ሰውም እንፈልጋለን። ግዴታ ግን የለብዎትም፤ ካልፈለጉ ይተዉት» አለችኝ። «ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ከየት ታመጫለሽ?» ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ። «እንግዲያው ዓይንዎን ይጨፍኑና ይህ ክር እግርዎን ሲነካዎት ይንገሩኝ» አለች። ጨፍኜ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። «ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?» አልኋት። ዓይኔን ብገልጥ እህቴ አፏን በእጇ ይዛለች። «እየነካችህ እኮ ነው፣ ወንድሜ!» አለችኝ።

ልጅቷ እግሬን ቀና አድርጋ ብታይ፣ ውስጥ እግሬ ላይ እሾህ ተሰክቶ መግል ቋጥሯል። እኔ ያንን እሾህ ይዤ ስሄድ ምንም አልተሰማኝም! ደሜ ሲመረመር ስኳር ተገኘብኝ። «ለማነጻጸሪያ እንኳ አይሆኑኝም» አለችኝ አዝና። ጥናቷ ሌላ ሰው ቢፈልግም እኔን አልተወችኝም፤ ክንዴን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ አደረሰችኝ፣ ቁስሉ ታጥቦ እስኪታሸግም ከአጠገቤ አልተለየችም። ሐኪሙ «ጥቂት ቢዘገዩ እግርዎን ያጡት ነበር» አለኝ።

ይኸው ዘንድሮም ገብሴን ያረስሁት በሁለት እግሬ ቆሜ ነው። ከእርሻ ስገባ እህቴ ውስጥ እግሬን እያገላበጠች ታይልኛለች፤ እኔም የእሷን አያለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ያችን ልጅ «እግዜር ያክብርሽ» ብለን እንመርቃታለን።